ተራውን በሥራ የጠበቀ ሰው

መጠበቅ ለሰው ሁሉ ከባድ ነገር ነው። ገበሬ ዘሩን ዘርቶ ዝናሙን ይጠብቃል፤ መንገደኛ ወንዙ እስኪጐድል ድረስ በዳር ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ተማሪም ስሙ እስኪጠራ ድረስ ይጠብቃል። ነገር ግን የሚጠብቁ ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ እጁን አጣጥፎ፥ ዕድሉን እየረገመ፥ የቀደመውን ሰው በቅናት እያየ ይጠብቃል። ሁለተኛው ግን የተሰጠውን ሥራ እየሠራ፥ ዕውቀቱን እየጨመረ፥ ተራው በደረሰ ቀን ሳይዘጋጅ እንዳይገኝ እየተጋ ይጠብቃል። የመጠበቂያው ዘመን ለሁለቱም እኩል ይረዝማል፤ ቀኑ ሲደርስ ግን ሁለቱ እኩል ሆነው አይገኙም።

አሁን ታሪኩን የምናነበው ሰው አለን ሼፐርድ ይባላል። አሜሪካዊ ነበረ። በአገሩ የባሕር ኃይል ውስጥ አዳዲስ አይሮፕላኖችን የሚፈትን አብራሪ ሆነ፤ ኋላም ከአሜሪካ ሰዎች ሁሉ አስቀድሞ ወደ ጠፈር ወጣ፤ በመጨረሻም ጨረቃን በእግሩ ረገጠ። ከመጀመሪያው ጕዞ እስከ ሁለተኛው ድረስ ግን ዐሥር ዓመት ያህል መጠበቅ ነበረበት። የዚህን ሰው ታሪክ ስናነብ ከበረረባቸው ቀኖች ይልቅ የጠበቀባቸውን ዓመታት ልብ ማድረግ ይገባናል። በዚህ ምንባብ የተጻፉት ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

፩። ልጅነቱ

አለን ሼፐርድ በኖቬምበር 18 ቀን 1923 ዓ. ም. ኒው ሃምፕሺር በሚባለው የአሜሪካ ግዛት፥ ኢስት ዴሪ በምትባል ትንሽ መንደር ተወለደ። አባቱ በጦር ሠራዊት ውስጥ መኰንን ሆኖ ያገለገለ ሰው ነበረ። ልጁ በመጀመሪያ የገባበት ተማሪ ቤት አንድ ክፍል ብቻ ነበረው። ታናናሾቹም ታላላቆቹም በአንድ ጣራ ሥር ተቀምጠው ይማሩ ነበር። አለን በትምህርቱ ፈጣን ስለ ነበረ ከእኩዮቹ ቀድሞ ወደ ላይኛው ክፍል ተሻገረ።

ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለ፥ በ1927 ዓ. ም.፥ ቻርልስ ሊንድበርግ የሚባል አብራሪ በአንዲት ትንሽ አይሮፕላን ብቻውን ከኒው ዮርክ ተነሥቶ የአትላንቲክን ውቅያኖስ ተሻግሮ ፓሪስ ገባ። የዚህ ሰው ዝና በአሜሪካ ልጆች ልብ ውስጥ ብዙ ዘመን ቈየ። አለንም ካደገ በኋላ ሊንድበርግን እንደ ጀግናው አድርጎ ያየው ነበር። የአይሮፕላን ምሳሌ የሆኑ ትንንሽ መጫወቻዎችን በእጁ ይሠራ ነበር፤ እንደ እርሱ ይህን ከሚወዱ ልጆች ጋራም ማኅበር አቆመ።

በ1938 ዓ. ም. ለገና በዓል ስጦታ ሆኖለት ለመጀመሪያ ጊዜ በአይሮፕላን ተሳፈረ። ከዚያ በኋላ ልቡ ከሰማይ አልወረደም። ነገር ግን መብረር ለመማር ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ልጁም ገንዘብ አልነበረውም። ስለዚህ በብስክሌቱ ተቀምጦ ከዐሥር ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ እየተጓዘ ማንቸስተር በምትባለው ከተማ ወደሚገኘው የአይሮፕላን ማረፊያ ይሄድ ነበር። በዚያም የተገኘውን ትንሽ ሥራ ሁሉ ይሠራል። የሥራው ዋጋ አንዳንድ ጊዜ በአይሮፕላን ይዘውት መውጣታቸውና መሪውን እንዲይዝ ማስተማራቸው ነበረ። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፥ ይህ ልጅ በጥቂት በጥቂቱ የመብረርን ነገር ለመደ።

፪። ባሕር አስቀድሞ፥ ሰማይ ከዚያ በኋላ

በ1941 ዓ. ም. ሼፐርድ አናፖሊስ በምትባለው ከተማ ወደሚገኘው የአሜሪካ የባሕር ኃይል አካዳሚ ገባ። ያ ዘመን የታላቁ ጦርነት ዘመን ስለ ነበረ የትምህርቱ ዓመታት ዐጥረው በ1944 ዓ. ም. ተመረቀ። ወዲያው ወደ አብራሪዎች ተማሪ ቤት ለመግባት ፈልጎ ነበር፤ ነገር ግን የባሕር ኃይል ሕግ አዲስ መኰንን ሁሉ አስቀድሞ በመርከብ ላይ እንዲያገለግል ያዝዝ ነበር። ሰማይን የሚወድ ወጣት በባሕር ላይ ይቆይ ዘንድ ግድ ሆነበት። ኮግስዌል በምትባል የጦር መርከብ ተሳፍሮ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ጦርነቱ እስኪያልቅ ድረስ አገለገለ። ይህ የመጀመሪያው መጠበቂያው ነበረ። በ1945 ዓ. ም. ሉዊዝ ብሩወር የምትባለውን ልጃገረድ አገባ፤ እርስዋም እስከ ሞቱ ድረስ አብራው ኖረች።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ወደ አብራሪዎች ተማሪ ቤት ገባ። በዚያ ግን እንዳሰበው አልሆነለትም። መጀመሪያ ላይ ውጤቱ ደካማ ነበረ፤ ከትምህርቱም ሊያሰናብቱት ይችሉ ነበር። እርሱ ግን አስተማሪዎቹን አልወቀሰም፤ ትምህርቱንም አልተወም። በዕረፍት ጊዜው፥ በራሱ ገንዘብ፥ ከከተማ ሰዎች የበረራ ተማሪ ቤት ገብቶ የጐደለውን ይማር ጀመር። በዚህም ትጋት ጓደኞቹን ደረሰባቸው፤ በ1947 ዓ. ም. የባሕር ኃይል አብራሪ ምልክት የሆነውን የወርቅ ክንፍ በደረቱ ላይ አደረገ።

፫። አዲስ አይሮፕላን የሚፈትን ሰው

አይሮፕላንን በመርከብ ላይ ማሳረፍ እጅግ የሚያስፈራ ሥራ ነው። በየብስ ያለው ማረፊያ ረጅምና የማይንቀሳቀስ ነው፤ የመርከብ ጀርባ ግን አጭር ነው፤ ደግሞም ከማዕበሉ ጋራ ከፍና ዝቅ ይላል። ስለዚህ አይሮፕላኑ ከጅራቱ በታች ሜንጦ አለው፤ በመርከቡም ላይ ጠንካራ የብረት ገመድ ተዘርግቷል፤ ሜንጦው ገመዱን ሲይዝ አይሮፕላኑ ይቆማል። ሜንጦው ገመዱን የሳተ እንደ ሆነ ግን፥ አይሮፕላኑ ወደ ፊት ሮጦ ከፊቱ በቆሙት አይሮፕላኖች ላይ እንዳይወድቅ ያሰጋ ነበር። ይህን አደጋ ለማስቀረት መሐንዲሶች ማረፊያውን ሰያፍ አድርገው ሠሩት። ከዚያ ወዲህ ገመዱን የሳተ አብራሪ ከፊቱ ባዶ ባሕር ስላለ እንደ ገና ተነሥቶ ለመብረር ይችላል። በእንደዚህ ያለ ማረፊያ ላይ አስቀድመው ካረፉት ሰዎች አንዱ ሼፐርድ ነበረ።

ይህም የሆነው ፈታኝ አብራሪ ስለ ነበረ ነው። በ1950 ዓ. ም. በሜሪላንድ ግዛት፥ በፓታክሰንት ወንዝ አጠገብ ወዳለው የባሕር ኃይል የፈታኝ አብራሪዎች ተማሪ ቤት ተላከ። አዲስ ድልድይ የሠራ ሰው ሕዝብ ከመሻገሩ በፊት ከባድ ጭነት አሳልፎ ጥንካሬውን ይመረምራል። ፈታኝ አብራሪም እንዲሁ አዲሱን አይሮፕላን ይዞ ይወጣል፤ እስከ ምን ድረስ ከፍ እንደሚል፥ ምን ያህል እንደሚፈጥን፥ በምን ጊዜ እንደሚንቀጠቀጥ ይመረምራል፤ ሲመለስም ያየውን ሁሉ ሳይጨምርና ሳይቀንስ ለመሐንዲሶቹ ይነግራል። ያንን ጕድለት እርሱ አስቀድሞ ካላገኘው በኋላ የሚመጣው ወጣት አብራሪ በሕይወቱ ይከፍለዋልና። ብዙ ፈታኝ አብራሪዎች በዚህ ሥራ ሞተዋል።

ሼፐርድ በዚህ ሥራ እጅግ የተመሰገነ ሆነ። ነገር ግን ጥፋት ያልነበረበት ሰው አድርገን ልንነግራችሁ አይገባንም። በጥበቡ የሚመካ፥ ሰው እንዲያየው የሚወድ ሰው ነበረ። አንዳንድ ጊዜ ከተፈቀደው በታች ዝቅ ብሎ ይበር ነበር፤ አንድ ጊዜም በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ ባለው ድልድይ ዙሪያ ተገለባብጦ በረረ። አለቆቹ እጅግ ተቈጡ፤ በጦር ፍርድ ቤት ሊያቆሙትም ደርሰው ነበር። የቅርብ አለቆቹ ጥበቡን አስበው ስለ እርሱ ባይማልዱለት ኖሮ፥ ለጥቂት ደቂቃ ጨዋታ ሲል የሕይወቱን ሥራ ሁሉ ባጠፋ ነበር።

፬። ሰባቱ ሰዎች

በኦክቶበር 4 ቀን 1957 ዓ. ም. ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክ የተባለችውን ሰው ሠራሽ ጨረቃ በምድር ዙሪያ እንድትሽከረከር ወደ ላይ ላከች። ዓለም ሁሉ ተደነቀ። አሜሪካም በ1958 ዓ. ም. ናሳ የሚባለውን የጠፈር መሥሪያ ቤት አቋቋመች፤ ሰውን ወደ ጠፈር ለመላክም አሰበች። ከምድር አየር በላይ ወዳለው ባዶ ስፍራ የሚሄድ ሰው ጠፈርተኛ ይባላል።

ይህን ሥራ ማን ይችለዋል ተብሎ የፈታኝ አብራሪዎች መዝገብ ተመርምሮ 110 ሰዎች ብቁ ሆነው ተገኙ። ከእነርሱም ብዙዎቹ ተጠርተው ብርቱ ምርመራ ተደረገባቸው። በሙቀት ክፍል አስቀመጡአቸው፤ ድምፅና ብርሃን በሌለበት ጨለማ ቤት ዘጉባቸው፤ በሚሽከረከር መኪና ላይ አዞሩአቸው፤ ልባቸውንና ሳንባቸውን፥ ዓይናቸውንና ጆሮአቸውን መረመሩ። በኤፕሪል 9 ቀን 1959 ዓ. ም. የተመረጡት ሰባት ሰዎች ስም ለሕዝብ ተነገረ። እነርሱም ስኮት ካርፔንተር፥ ጎርደን ኩፐር፥ ጆን ግሌን፥ ገስ ግሪሰም፥ ዋልተር ሺራ፥ አለን ሼፐርድና ዴክ ስሌይተን ናቸው።

ሰባቱም እያንዳንዳቸው ፊተኛ ለመሆን ይመኙ ነበር። በ1961 ዓ. ም. መጀመሪያ ላይ አለቃቸው ሰብስቦ የመጀመሪያው ተጓዥ ሼፐርድ መሆኑን ነገራቸው። ይህ ምርጫ ከተሳካ ከዓለም ሰዎች ሁሉ አስቀድሞ ጠፈርን የሚያየው እርሱ ይሆናል ማለት ነበረ።

ነገር ግን በጃኑዋሪ 31 ቀን ለሙከራ ሃም የሚባል ቺምፓንዚ በሮኬቱ ተልኮ ነበር። ዝንጀሮ የሚመስለው ይህ እንስሳ በደኅና ተመለሰ፤ ሮኬቱ ግን ከታሰበው ይልቅ ፈጥኖ፥ ከታሰበውም በላይ ርቆ ሄደ። መሐንዲሶቹም ሰው ከመሳፈሩ በፊት አንድ ሌላ ሙከራ ይደረግ አሉ። ሼፐርድ እኔ ዝግጁ ነኝ ብሎ ለመናቸው፤ እነርሱ ግን እንቢ አሉት። ሙከራው በማርች 24 ቀን ተደረገ፤ ምንም ጕድለት አልተገኘበትም። በዚያ መካከል፥ በኤፕሪል 12 ቀን፥ ዩሪ ጋጋሪን የተባለ የሶቪየት አብራሪ ምድርን በጠፈር ዞሮ ተመለሰ። የዓለም ፊተኛነት በጥቂት ሳምንት ከሼፐርድ እጅ ወጣ። እርሱም እጅግ አዘነ፤ ተቈጣም። ነገር ግን መሐንዲሶቹ አልበደሉትም። የሰውን ሕይወት ከአገር ዝና አብልጠው አይተው ነበርና።

፭። ዐሥራ አምስት ደቂቃ

በሜይ 5 ቀን 1961 ዓ. ም. ፀሐይ ሳትወጣ ሼፐርድ በፍሎሪዳ ግዛት፥ በኬፕ ካናቬራል ቆማ ወደምትጠብቀው መንኰራኵር ገባ። ስምዋን ፍሪደም 7 ብሎ ሰየማት፤ ፍሪደም ማለት ነፃነት ማለት ነው። መንኰራኵርዋ በግርጌዋ ስፋትዋ ሁለት ሜትር እንኳ አይሞላም ነበር፤ በውስጥዋም ያለ ሰው መነሣትና መዞር አይችልም። ከበታችዋ ካለው ሮኬት ጋራ ግን በአንድነት 25 ሜትር ያህል ርዝመት ነበራቸው። ሮኬት ማለት ነዳጁ ሲቃጠል እሳቱን ወደ ታች እየተፋ ራሱ ወደ ላይ የሚገፋ መኪና ነው። የተነፋ ፊኛ አፉ ሲለቀቅ አየሩ ወደ ኋላ እየወጣ ፊኛው ወደ ፊት እንደሚሮጥ ማለት ነው።

በዚያች ጠባብ ስፍራ በጀርባው ተጋድሞ ከአራት ሰዓት በላይ ጠበቀ። አንድ ጊዜ ደመና መጣ፤ አንድ ጊዜ ከሮኬቱ ዕቃ አንዱ ተበላሽቶ ተለወጠ፤ አንድ ጊዜም ሒሳብ የሚያሰላው መኪና እንደ ገና ይመርመር ተባለ። በመጨረሻ ትዕግሥቱ አለቀና፥ የቀረውን ጕድለት ቶሎ አቃንተው እንዲልኩት መሐንዲሶቹን አጥብቆ ጠየቃቸው። ጥቂት ቈይቶ ሮኬቱ ተነሣ።

ሼፐርድ 187 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ ወጣ፤ ፍጥነቱም በሰዓት ከ8,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነበረ። ሮኬቱ ሥራውን ጨርሶ ከተለየው በኋላ አምስት ደቂቃ ያህል ክብደቱ የጠፋ መስሎ ተሰማው። በዚያን ጊዜ እርሱና መንኰራኵሩ አብረው እንደ ተወረወረ ድንጋይ ይጓዙ ስለ ነበረ መቀመጫው አይጫነውም ነበርና። መንኰራኵሩንም በእጁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፥ ወደ ላይና ወደ ታች አዘነበለ፤ ሰው በጠፈር ሆኖ መንኰራኵሩን በእጁ ለመምራት እንደሚችል አሳየ። ወደ ምድር አየር ሲመለስ ግን አየሩ መንኰራኵሩን በብርቱ ስለ ገታው ክብደቱ ዐሥራ አንድ እጥፍ የሆነ ያህል ተጫነው። ከዚያ በኋላ ትልቁ ጥላ ተከፈተ፤ መንኰራኵርዋም በአትላንቲክ ባሕር ላይ በቀስታ ወረደች። ከምድር ከተነሣ እስኪመለስ ድረስ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ከጥቂት ሴኮንድ ብቻ ነበረ። ሄሊኮፕተር መጥቶ ከባሕሩ አወጣውና አይሮፕላን ወደምትሸከም መርከብ ወሰደው።

ሕዝቡ በአደባባይ ወጥቶ ተቀበለው፤ ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲም ሸለመው። በዚያው ወር በ25ኛው ቀን ፕሬዚዳንቱ በአገሩ ምክር ቤት ፊት ቆሞ፥ ዐሥሩ ዓመት ሳያልቅ ሰው ጨረቃ ላይ ወርዶ በደኅና እንዲመለስ አገሩ እንድትሠራ ጠየቀ። ሼፐርድም ከተላኩት አንዱ እሆናለሁ ብሎ በልቡ ወሰነ።

፮። የጆሮው ሕመም

በ1963 ዓ. ም. ሼፐርድ ጀሚኒ ለምትባለው ሁለት ሰው ለምትይዝ መንኰራኵር የመጀመሪያ ጕዞ ተመርጦ ነበር። ነገር ግን አንድ ቀን ጠዋት ሲነሣ ምድር የዞረችበት መሰለው። በግራ ጆሮው ውስጥ ጩኸት ይሰማው ነበር፤ ያጥወለውለው፥ ያስመልሰውም ነበር። ሐኪሞች የሜኔር በሽታ መሆኑን ነገሩት። በጆሮአችን ውስጥ፥ ከታምቡሩ ወደ ውስጥ፥ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ አለ፤ ቆመን ስንሄድ እንዳንወድቅ ሚዛናችንን የሚጠብቅልን እርሱ ነው። በዚህ በሽታ ፈሳሹ ከመጠን በላይ ይበዛና ሰውየው ሳያስበው ይዞርበታል። እንደዚህ ያለ ሰው ብቻውን አይሮፕላን እንዲያበር አይፈቀድለትም። ሼፐርድም ከመብረር ተከለከለ፤ የጀሚኒም ጕዞ ለጓደኛው ለግሪሰም ተሰጠ።

ልጆች ሆይ፥ ይህን ነገር ልብ አድርጉ። በአገሩ ሰዎች መካከል ፊተኛ የነበረ፥ ስሙ በዓለም ሁሉ የተሰማ ሰው፥ ገና የአርባ ዓመት ዕድሜ ሳይሞላው ከምድር እንዳይነሣ ታዘዘ። ናሳን ትቶ ለመሄድ ይችል ነበር፤ ዝናው በሄደበት ሁሉ ሥራ ባገኘለት ነበር። እርሱ ግን አልሄደም። የጠፈርተኞች ሁሉ አለቃ ሁን ባሉት ጊዜ እሺ ብሎ ከጠረጴዛ ኋላ ተቀመጠ። ሥራው ጠፈርተኞቹ የሚማሩትንና የሚለማመዱትን ማዘጋጀት፥ ጊዜያቸውን መከፋፈል፥ ችግራቸውን መስማት ነበረ። ከእርሱ በኋላ የመጡት ወጣቶች አንድ በአንድ ወደ ጠፈር ሲወጡ እርሱ በምድር ሆኖ ይሸኛቸው፥ ሲመለሱም ይቀበላቸው ነበር።

ይህ ቀላል አልነበረም። ኀዘኑ ጠባዩን አከረረው። ብዙ ቀን ፊቱ የተቈጣ፥ ቃሉ የሚቈርጥ ነበረ፤ በቢሮው ያሉትም ሰዎች ዛሬ ፊቱ እንዴት ነው ብለው ሳይጠያየቁ አይገቡም ነበር። በጃኑዋሪ 27 ቀን 1967 ዓ. ም. ደግሞ ከባድ መከራ መጣ። ገስ ግሪሰም፥ ኤድ ዋይትና ሮጀር ቻፊ ለጨረቃ ጕዞ በተሠራች መንኰራኵር ውስጥ በምድር ላይ ሲለማመዱ እሳት ተነሥቶ ሦስቱም ሞቱ። ሼፐርድ ጓደኞቹን ቀበረ፤ ወደ ሥራውም ተመለሰ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ነገር አልተወም። ሌሎቹ የሚማሩትን እርሱም ይማር ነበር፤ ብቻውን እንዳይበርም ስለ ተከለከለ ከሌላ አብራሪ ጋራ ሆኖ በአይሮፕላን ይወጣ ነበር። የሚበርበት ቀን መምጣቱን ማንም አላረጋገጠለትም፤ እርሱ ግን ነገ እንደሚጠራ ሰው ይዘጋጅ ነበር።

ከዚያም አንድ ጠፈርተኛ በሎስ አንጀለስ ከተማ ዊልያም ሃውስ የሚባል የጆሮ ሐኪም እንዳለ ነገረው። ይህ ሐኪም በውስጠኛው ጆሮ ቀጭን ቱቦ አግብቶ ትርፉን ፈሳሽ የማውጣት አዲስ ጥበብ ነበረው። ሕክምናው ላይሳካ፥ መስማቱንም ሊያጠፋበት ይችል ነበር። ሼፐርድ ወሬው እንዳይሰማ በሌላ ስም ተመዝግቦ ሐኪም ቤት ገባ፤ ጆሮውም ተቀደደ። ወራት ካለፉ በኋላ መዞሩና ጩኸቱ ተወው። በሜይ 1969 ዓ. ም. የናሳ ሐኪሞች መርምረው እንዲበር ፈቀዱለት። ከተከለከለ ስድስተኛው ዓመት ሊሞላ ነበረ።

፯። ወደ ጨረቃ

ወዲያው አፖሎ 13 በምትባለው ጕዞ አለቃ ሆኖ እንዲሄድ ታሰበ። የናሳ ሹማምንት ግን ብዙ ዘመን ስለ ቆየ ለመለማመድ ጊዜ ያስፈልገዋል ብለው ወደ አፖሎ 14 አዛወሩት፤ አፖሎ 13ንም ጄምስ ላቭልና ጓደኞቹ ወሰዱ። ይህ ሌላ መዘግየት ነበረ። ነገር ግን በኤፕሪል 1970 ዓ. ም. አፖሎ 13 ወደ ጨረቃ ስትጓዝ የኦክሲጅን ጋኗ ፈነዳ፤ ሦስቱ ሰዎች በብዙ ድካም በደኅና ተመለሱ እንጂ ጨረቃን አልረገጡም። ሰው ሲዘገይ ሁሉ ነገር የጠፋበት ይመስለዋል፤ የዘገየው ሁሉ ግን የጠፋ አይደለም።

በጃኑዋሪ 31 ቀን 1971 ዓ. ም. ሼፐርድ፥ ስቱዋርት ሩሳና ኤድጋር ሚቸል ከፍሎሪዳ ተነሡ። በመንገድ ሦስት ችግር አገኛቸው። መጀመሪያ፥ በጨረቃ ላይ የምትወርደው መንኰራኵር ከዋናዋ ጋራ መያያዝ ነበረባት፤ አምስት ጊዜ ሞክረው እንቢ አለች፤ በስድስተኛው ተያያዘች። ሁለተኛ፥ መውረዱን ትታችሁ ተመለሱ የሚል የተሳሳተ ምልክት ከአንድ ማብሪያ ይመጣ ጀመር፤ በምድር ያሉት ሊቃውንት በጥቂት ሰዓት ውስጥ አዲስ ትእዛዝ ጽፈው ሰደዱላቸው፤ ሚቸልም ቍጥሩን አንድ በአንድ አስገባ። ሦስተኛ፥ ሲወርዱ ከፍታቸውን የሚለካው ራዳር አልሠራም፤ ከምድር በተነገራቸው መሠረት ኤሌክትሪኩን አጥፍተው ሲያበሩት ሠራ። ሼፐርድ በሦስቱም ጊዜ አልተደናገጠም። በፓታክሰንት ወንዝ የተማረው፥ በቢሮውም ዓመታት ሳይተው የለማመደው ነገር በዚያች ሰዓት አገለገለው።

በፌብሩዋሪ 5 ቀን ፍራ ማውሮ በሚባለው የጨረቃ ኮረብታማ ስፍራ ወረዱ። ሼፐርድ የ47 ዓመት ሰው ነበረ፤ ከእርሱ በፊት ጨረቃን የረገጡት አራት ሰዎች ሁሉ በዕድሜ ያንሱታል። ከሰባቱም ሰዎች ጨረቃን የረገጠ እርሱ ብቻ ነው። በዚያ ቆሞ ቀና ሲል በጥቍሩ ሰማይ ላይ ምድርን አያት። ጠባዩ የከረረው ሰው ያን ጊዜ አለቀሰ።

በሁለተኛው ቀን ሼፐርድና ሚቸል ዕቃቸውን በትንሽ ጋሪ እየሳቡ ኮን ወደሚባለው ትልቅ ጕድጓድ አፋፍ ለመድረስ ዳገቱን ወጡ። በጨረቃ ላይ አየር ስለሌለ የሩቁም የቅርቡም እኩል ጠርቶ ይታያል፤ ዛፍም ቤትም ስለሌለ ዓይን ርቀትን የሚለካበት ነገር የለውም። እዚህ ነው ሲሉ ገና ሌላ ዳገት ይሆንባቸው ነበር። ደከሙ፤ ሊተነፍሱት የያዙት አየርና የተሰጣቸው ጊዜ የተቈጠረ ነበረ። ከምድር ተመለሱ ተብለው፥ አፋፉን ሳያዩ፥ ከዚያው ድንጋይ ለቅመው ተመለሱ። ከብዙ ዘመን በኋላ የጨረቃ ፎቶግራፍ ሲመረመር፥ ከአፋፉ የቀራቸው ርቀት 30 ሜትር ያህል ብቻ እንደ ነበረ ታወቀ። ቢሆንም መመለሳቸው ትክክል ነበረ። በወጣትነቱ ለጨዋታ በድልድይ ዙሪያ የተገለባበጠው ሰው፥ አሁን የጓደኛውን ሕይወት ከምኞቱ አስበልጦ መመለስን ተምሮ ነበር።

ከመነሣታቸው በፊት ሼፐርድ ለመሣሪያ መያዣ በሆነ ዘንግ ጫፍ ላይ የጎልፍ መምቻ ገጥሞ ሁለት ትንንሽ ኳሶች መታ። ልብሱ ወፍራምና ደረቅ ስለ ሆነ በአንድ እጁ ብቻ ነበረ የመታቸው። እጅግ ሩቅ ሄዱ ብሎ ቀለደ፤ ፎቶግራፉን የመረመሩ ሰዎች ግን ሁለተኛይቱ ኳስ 40 ሜትር እንኳ እንዳልሞላች አገኙ። ከ40 ኪሎ የሚበልጥ የጨረቃ ድንጋይና አፈር ይዘው በፌብሩዋሪ 9 ቀን በፓሲፊክ ባሕር ላይ በደኅና ወረዱ።

፰። ፍጻሜው

በዚያው ዓመት ሼፐርድ የአድሚራልነት ማዕርግ ተሰጠው፤ ከጠፈርተኞች ወገን ለዚህ ማዕርግ የደረሰ የመጀመሪያው ሰው ነው። በ1974 ዓ. ም. ከባሕር ኃይልና ከናሳ ተሰናበተ፤ በንግድም ባለጠጋ ሆነ። በ1984 ዓ. ም. ከሰባቱ በሕይወት የቀሩት ሼፐርድና ጓደኞቹ ከግሪሰም ባለቤት ጋራ ሆነው፥ ሳይንስ ለሚማሩ ወጣቶች የትምህርት ገንዘብ የሚሰጥ ማኅበር አቋቋሙ። በብስክሌት ሄዶ በሥራው ዋጋ መብረርን የተማረ ልጅ፥ ሸምግሎ ሌሎች ልጆች እንዲማሩ ረዳ።

በጁላይ 21 ቀን 1998 ዓ. ም. በደም ነቀርሳ ታሞ በካሊፎርኒያ ሞተ፤ ዕድሜውም 74 ዓመት ነበረ። ባለቤቱ ሉዊዝም አምስት ሳምንት ያህል ብቻ ቈይታ ተከተለችው። የሁለቱም ዐመድ ቤታቸው በነበረበት ዳርቻ በባሕር ላይ ተበተነ።

ልጆች ሆይ፥ የአለን ሼፐርድ የመጀመሪያ ጕዞ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ነበረ፤ በጨረቃ ላይ የቆየውም አንድ ቀን ተኩል እንኳ አልሞላም። መጠበቂያው ግን ዓመታት ነበረ። በነዚያ ዓመታት ቢያኰርፍና ቢተኛ ኖሮ፥ ጆሮው በዳነ ጊዜ ማንም ባልጠራው ነበር። ከትዕቢቱና ከቍጣው ተጠበቁ፤ ትጋቱን ግን ያዙ። እናንተም የምትመኙት ነገር ቢዘገይባችሁ፥ ወይም ባልንጀራችሁ ቢቀድማችሁ፥ በእጃችሁ ያለውን ትንሹን ሥራ አትናቁ። ተራ ለሁሉ በጊዜው ላይደርስ ይችላል፤ ሲደርስ ግን የሚጠቅመው ተዘጋጅቶ ለጠበቀው ነው።